ጭቃ የለበሰችው የሳንቃ ቤት

ሐሙስ ቀን ነበር፤ የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዋዜማ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ከቡሬ ያመጣን ሚኒባስ ማንኩሳን አልፎ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር አወረደንና እኔና አናጢው ላቀው በባሕር ዛፎቹ መሀል ያለችውን አቋራጭ የእግር መንገድ ተያያዝነው። እኔ የበር ቁልፍና እጀታ በፌስታል ይዣለሁ፤ እሱ የመሣሪያ ሣጥኑን ተሸክሟል። መንገዱን ለሦስት ሳምንት ተመላልሼበታለሁ። ሆኖም ቤታችን ሊኖርበት ከሚገባው ቦታ ስደርስ ቤቱ የለም።

ቆምሁ። ወደ ኋላ ተመለስሁና ከወንዙ መሻገሪያ ጀምሬ እንደገና መጣሁ። አሁንም የለም።

«ላቀው፣ መንገድ ሳንስት አልቀረንም» አልሁ በቀስታ።

«እኛ አልሳትንም፤ የሳተው ቤቱ ነው» አለኝ።

በቤታችን ቦታ ላይ ወፍራም፣ ቡናማ፣ ገና ውሃው ያልመጠጠ የጭቃ ቤት ቆሟል። ዙሪያውን አርባ የሚሆን ሰው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ እየዘፈነ ይመርጋል። እኛን ሲያዩ ሴቶቹ እልል አሉ።

ምን እንደተፈጠረ ከመናገሬ በፊት ያን ጊዜ ማን እንደነበርሁ ልንገራችሁ። ስሜ ባንቺአየሁ ነው። የግንባታ ትምህርት በጥሩ ውጤት ተመርቄ ቡሬ ያለ አንድ አነስተኛ ድርጅት ከቀጠረኝ ገና አምስት ወር ሆኖኝ ነበር። ጠንቃቃ ነኝ፤ የለካሁትን ሁለት ጊዜ መልሼ እለካለሁ። ግን ሰው ፊት መናገር አልችልም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ክፍል ውስጥ እጄን ያወጣሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም መስኮቱ ይዘጋልኝ ልል ነበር። መምህሩ «ጥያቄሽ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ምንም» ብዬ ተቀመጥሁና ያን ሴሚስተር በብርድ ጨረስሁት። ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ስለማፍር ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ ነው የምወርደው። አንድ ቀን ወራጅ ጠፍቶ ፍኖተ ሰላምን አልፌ ደምበጫ ድረስ ሄጃለሁ። የዚያን ሐሙስ ያስወረደን ላቀው ነው።

ድርጅታችን የሚሠራው ነገር በአካባቢው ታይቶ የማይታወቅ ነበር። የገበሬውን ባሕር ዛፍ ሰንጥቀን ጣውላ እናወጣለን፤ ጣውላውን አድርቀን አንዱን ረድፍ በቁም፣ ሌላውን በአግድም እየደረብን በሙጫ እናጣብቃለን፤ ከዚያ በመጭመቂያ መሣሪያ ተጨምቆ እንደ መዳፍ ስፋት የወፈረ ሙሉ ግድግዳ ይሆናል። በርና መስኮቱ እዚያው ቡሬ ይቆረጣል። ግድግዳዎቹ ተራ ቁጥር ተጽፎባቸው በአይሱዙ ይጫኑና መሬት ላይ በሁለት ቀን ይገጣጠማሉ። ከሩቅ የሚመጣ ሲሚንቶ የለም፣ ብረት የለም። ቀን ሙቀት አያስገባም፣ ሌሊት ሙቀት አያስወጣም፤ ስለዚህ ለማሞቂያ የሚነደው እንጨት ይቀንሳል። አቅም ለሌለው ሰው በርካሽ የሚዳረስ ቤት ነው።

የሰፈሩ የምርጊት ባለሙያ ለነበሩት ለአያ ስመኘው ይህን አንድ ቀን ላስረዳ ሞክሬ ነበር።

«ዛፉ ሲያድግ ከአየሩ መጥፎውን ጭስ ይስባል። ቤት ስናደርገው ጭሱን ይዞት ይቆያል» አልኋቸው።

አያ ስመኘው አገጫቸውን ይዘው አሰቡ። «እንግዲህ ይህ ቤት ጭስ ጠግቧል በይኛ።»

«እንደዚያ ማለት ይቻላል።»

«ሲያገሳስ?»

ማታ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ሲያገሳ?» ብዬ መጻፌን አስታውሳለሁ።

ይህች ቤት የመጀመሪያዋ ናሙና ናት። የተሠራችው ባለቤታቸው ለሞቱባቸውና ጎጇቸው ለዘመመችባቸው ለእሜቴ ውድነሽ ነው። ለቦታው ሲባል የዘመመችው ጎጆ ፈረሰች፤ እሳቸው ጎረቤት ተጠግተው ይጠብቃሉ። በማግስቱ አርብ ሦስት ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር ገምጋሚዎች መጥተው ናሙናዋን ያያሉ። ከወደዷት ትጸናለች፤ ለሌሎች ችግረኞችም ይሠራል። ካልወደዷት ተፈትታ ወደ ቡሬ ትመለሳለች። አለቃዬ ኢንጂነር ጌታሁን ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ይህን ለሴትዮዋ በግልጽ ንገሪያቸው» ብሎኝ ነበር።

አልነገርኋቸውም። በየቀኑ ልነግራቸው እሄዳለሁ። እሜቴ ውድነሽ ሲያዩኝ «መጣችልኝ ልጄ!» ብለው ይስሙኛል፤ አልጋቸውን የት እንደሚያደርጉ ያሳዩኛል። እኔ ስለ አየሩ ሁኔታ ተናግሬ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ጭቃው ልመለስ።

አያ ስመኘው እጃቸውን በሱሪያቸው እየጠረጉ ወደ እኛ መጡ። ደስታ ፊታቸውን አብርቶታል።

«ደነገጥሽ? አይዞሽ፣ ደረስንላት!» አሉኝ።

«ለ… ለምንድን ነው ግን?»

«ለምን ትላለች እንዴ! የባሕር ዳር እንግዳ ሊመጣ አይዶለም? ራቁቷን እንዲያዩዋት ብለን ዝም እንበል? እንጨቱ አግጥጦ! የውድነሽ ቤት መራጊ አጣች ተብሎ በእኛ ሰፈር ይወራ?»

እዚያ አገር እንጨት ቆሞ ጭቃ ያልነካው ቤት ያላለቀ ቤት ነው። መራጊ ያጣ ሰው ደግሞ ወገን ያጣ ሰው ነው። ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ በሚስጥር ደቦ ተጠራርቶ እኛ ቡሬ ሄደን በዋልንበት ቀን የባልቴቷን ገበና ሸፍኗል።

በሚስጥር አልሁ እንጂ ለነገሩ ሚስጥርም አልነበረም። ለአንድ ሳምንት ከእሜቴ ውድነሽ ጓሮ የሚያስነጥስ ሽታ ይመጣ ነበር፤ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር እየበሰበሰ መሆኑ ነው። ሽታውን የሰው ጓሮ ሽታ ብዬ በጨዋነት አለፍሁት። ማክሰኞ ዕለት አያ ስመኘው ከሦስት ጎልማሶች ጋር ጭቃ ሲረግጡ አይቼ «እግዜር ያበርታችሁ» ብያቸዋለሁ። «አሜን፣ ለአንቺው ነው» ሲሉኝ ምርቃት መስሎኝ ፈገግ አልሁ። እንግዲህ ፈቃድ የሰጠሁት እኔው ነኝ።

«ደግሞ ያ የምሥራቁ መስኮት» አሉ አያ ስመኘው፣ «ምን አስበሽ እንደሆነ አላውቅም ልጄ፣ በጣም ትልቅ ነበር። ደፈንነው።»

እሜቴ ውድነሽ በጭቃ እጃቸው ሁለቱን ጉንጮቼን ይዘው ሳሙኝ። «አየሽልኝ? አሁን ቤት መሰለች!»

ምን እንዳልሁ ታውቃላችሁ? «እግዜር ይስጥልኝ» አልሁ።

ላቀው ጆሮዬ ሥር መጣ። «ምን አደረጉልሽና ነው የምታመሰግኚው?»

«ምን ልበል?»

«አቁሙ በይ!»

«ደቦ መሀል ላይ?»

ደቦ የወጣን ሰው አቁም ማለት ማዕድ የቀረበለትን ሰው ተነሥ እንደማለት ነው።

ወደ ባሕር ዛፎቹ ገባ ብዬ ኢንጂነር ጌታሁን ጋ ደወልሁ።

«ቤቱ አለቀ?» አለኝ።

«አለቀ። እንዲያውም ትንሽ… ተጨምሮበታል።»

«ምን?»

«ጭቃ።»

«የቱ ጋ?»

«ዙሪያውን።»

ስልኩ ውስጥ የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ቀጥሎ ኢንጂነሩ ቃል በቃል እየለየ ተናገረ። «ሰዎቹ የሚመጡት ሳንቃውንና መጋጠሚያውን ለማየት ነው። የጭቃ ቤት ለማየት ከባሕር ዳር አይነሡም። ደግሞ እርጥብ ጭቃ ላዩ ላይ ካደረ ሳንቃው ማበጡን አንቺ ታውቂያለሽ። ነገ ሦስት ሰዓት እንጨት ካላየሁ ቤቱ ይፈታል። ለሴትዮዋም የምትነግሪያቸው አንቺ ነሽ።» ዘጋው።

ሰዓቴን አየሁ፤ ዘጠኝ ሊሆን ነው። ፀሐይ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። ከጠለቀች ኪዳነ ምሕረት ገባች ማለት ነው፤ በዚያ ሰፈር ደግሞ በኪዳነ ምሕረት ጭቃ መርገጥም ሆነ መፋቅ የሚሞክር ሰው የለም። የቀረኝ ሦስት ሰዓት ነው።

ተመልሼ ሄድሁ። ለማንም ምንም ሳልናገር ከላቀው ሣጥን መፋቂያ አወጣሁና ከበሩ ጎን አንድ ክንድ የሚያህል ጭቃ ፈቅሁ። ዘፈኑ ቆመ። ሌላ ክንድ ፈቅሁ። ሁሉም ያየኛል። ላቀውም ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ አጠገቤ መፋቅ ጀመረ።

«ልጄ» አሉ እሜቴ ውድነሽ። «ምን በደልንሽ?»

አያ ስመኘው ጋቢያቸውን ከአጥሩ ላይ አንሥተው ትከሻቸው ላይ ጣሉ። ሊሄዱ ነው። እሳቸው ከሄዱ ሰፈሩ ይሄዳል፤ ሰፈሩ ከሄደ እኔና ላቀው እስከ ፋሲካ ብንፍቅ አንጨርሰውም።

ጭቃው ከተቦካበት ጉድጓድ አጠገብ የተገለበጠ የውሃ በርሜል ነበር። እንዴት እንደወጣሁበት አላውቅም። አርባ ሰው ቀና ብሎ አየኝ። አፌን ከፈትሁ።

«ይቅርታ…» አልሁ።

በርሜሉ ተንሸራተተ። በጀርባዬ ጉድጓዱ ውስጥ ወደቅሁ። ሰባት ቀን የበሰበሰ ጭቃ እስከ አንገቴ ተቀበለኝ።

ከዚያ አንዲት ሴት «እንግዲህ እሷም ተመረገች!» አለች።

ሳቁ እስከ አስፋልቱ ሳይሰማ አልቀረም። ላቀው መፋቂያውን ጥሎ ሆዱን ያዘ። ሊሄዱ የነበሩት አያ ስመኘው አጥሩን ተደግፈው እንባቸውን ይጠርጋሉ። ይገርማችኋል፣ ጭቃው ውስጥ ተቀምጬ አንድ ነገር ታወቀኝ፤ ከዚህ በላይ የማፍርበት ነገር አልቀረም። ማፈር ያለብኝን ሁሉ በአንድ ጊዜ አፍሬ ጨርሻለሁ። ጭቃውን ከአፌ ጠረግሁና በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ጮኽሁ።

«አያ ስመኘው! ማንኩሳ ገበያ በሬ ሲያወጡ ጋቢ ደርበውለት ነው?»

ሳቁ ቀነሰ። «ምን አልሽ?»

«በሬዎን ለገዢ ሲያሳዩ ሸፍነው ነው ወይ?»

«ማን የተሸፈነ በሬ ይገዛል? ጎኑን ሳያይ፣ ሻኛውን ሳይዳብስ!»

«የነገዎቹ እንግዶችም ገዢዎች ናቸው። ሳይዳብሱ አይገዙም። ካልገዙ…» እዚህ ላይ እሜቴ ውድነሽን አየሁና ቀጠልሁ። «ካልገዙ ቤቷ ተፈትታ ወደ ቡሬ ትመለሳለች። እሜቴ፣ ይህን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ልነግርዎ ይገባ ነበር። አፍሬ ደበቅሁዎት። ጥፋቱ የእኔ ነው እንጂ የምርጊቱ አይደለም። ምርጊቱ የሚያምር ምርጊት ነው።»

እሜቴ ውድነሽ ወደ ጉድጓዱ ተጠጉ። «አልጋዬን የት እንደማደርግ ሳሳይሽ… ቤቱን ልትወስዱት እንደምትችሉ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

የሚመቱኝ መስሎኝ ነበር፤ ደስም ባለኝ። እጃቸውን ዘረጉልኝና ሳቡኝ፤ አንድ እግር ጫማዬ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው «ምን ቆማችኋል? ቤቴን ግለጡልኝ!» አሉ።

ደቦው ወደ ኋላ ተጀመረ። የምርጊቱ ዘፈን ስለማይሆን ላቀው ሌላ አወጣ፤ «አውልቂ፣ አውልቂ፣ ገዢሽ መጥቷል» የሚል ነበር፤ ሴቶቹ እየሳቁ ተቀበሉት። ጣሳው፣ ማንኪያው፣ የማጭድ ጀርባው፣ ያገኙት ሁሉ ፋቀ። ውሃ ከወንዙ እየተቀባበለ መጣ። ሳንቃው ከጭቃው ሥር ቀስ በቀስ ብቅ ሲል ቀለሙ ትንሽ ጠቁሯል እንጂ ደህና ነበር። የደፈኑት መስኮት ሲከፈት ጨልሞ የነበረው ቤት በብርሃን ተሞላ። አንድ ሽማግሌ «ለካ ለዚህ ነው» አሉ።

የምዕራቡን ግድግዳ የያዙት አያ ስመኘው ናቸው። ጠዋት ማንንም ሳያስጠጉ ብቻቸውን የመረጉት፣ መሀሉ ላይ በጣታቸው መስቀል የሳሉበት ግድግዳ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታው ስለዋለ ደርቋል። ሌላው ሁሉ ሲጣደፍ እሳቸው ከታች ጥግ ላይ እንደ ጥፍር የሚያህል ፍቀው ወገባቸውን ይይዛሉ፤ ሌላ ጥፍር ፍቀው ውሃ ይጠይቃሉ። «ልርዳዎት?» ስላቸው «ይህ የእኔ ድርሻ ነው» ይሉኛል። ሦስቱ ግድግዳዎች ታጥበው ሲያልቁ የእሳቸው እንዳለ ነው። ወደ ባሕር ዛፎቹ አዩ። ፀሐይዋ ጠለቀች።

«ገባች፤ በቃ» አሉ። እጃቸውን ታጠቡና ጋቢያቸውን ለብሰው ሄዱ።

ተንኮላቸው የገባኝ ከሄዱ በኋላ ነው።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ዓይን አፋርነት እንደ ጭቃ በአንድ ከሰዓት ታጥቦ አይወጣም፤ አሁንም ስብሰባ ላይ ከመናገሬ በፊት መዳፌ ይረጥባል። ሆኖም ያን ቀን ስለ ራሴ አንድ ያልወደድሁትን ነገር አወቅሁ። ዝምታዬን ጨዋነት አድርጌ እቆጥረው ነበር፤ ለእሜቴ ውድነሽ ግን ዝምታዬ ቤት ሊያሳጣቸው የነበረ ውሸት ሆኖባቸዋል። ስለ ሥራዬም ያወቅሁት አለ። ሳንቃው ስንት ቀን እንደሚደርቅ፣ ሙጫው ስንት ሰዓት እንደሚይዝ ሁሉን ለክተናል። ባዶ እንጨት ያሳፍራችኋል ወይ ብሎ የሰፈሩን ሰው የጠየቀ ግን አንድም አልነበረም። ዛሬ አዲስ ሰፈር ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ይህን መጠየቅ ነው። ደግሞ የሚሸት ነገር ካለ «ምንድን ነው የሚሸተው?» እላለሁ። እናንተም በሉ።

በማግስቱ ጠዋት ያደረግሁትን ልንገራችሁና ላብቃ።

የሚቀየር ልብስ ስላልነበረኝ የእሜቴ ውድነሽን የሀገር ልብስ ለብሼ፣ በሁለት የተለያየ እግር ጫማ በሩ ላይ ቆምሁ። እሜቴ ሌሊቱን ቤታቸው ውስጥ አድረው ነበር፤ «ሙቀቱ ቡልኮዬን አስጥሎኛል» ይሉኛል። ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት ላንድክሩዘር መጣች። ኢንጂነር ጌታሁን ከሁሉ ቀድሞ ወረደ፤ እንጨቱን ሲያይ ተነፈሰ። ወደ ምዕራብ ዞር አለና ትንፋሹ ተመልሶ ገባ።

«ይህ ምንድን ነው? እንግዶቹ ሳይዞሩ አሁኑኑ አስፍቂው!» አለኝ በሹክሹክታ።

«አይሆንም» አልሁ። በሹክሹክታ ልል ነበር፤ የወጣው ግን የትናንቱ ድምፅ ነው። «ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ናት። አይነካም።»

ገምጋሚዎቹ ሁሉ ዞሩ። ከግድግዳው ወዲያ እልልታ ተሰማ፤ ለካ ሰፈሩ በሙሉ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚያ ተደርድሮ ያዳምጣል።

የገምጋሚዎቹ መሪ መነጽር ያደረጉ እርጋታ ያላቸው ሴት ነበሩ። አንድ መዳፋቸውን ሳንቃው ላይ፣ አንዱን ማዕዘኑ ላይ ካለው ጭቃ ላይ አሳረፉ። «ይህን ማን ሠራው?» አሉ። ኢንጂነሩ አፉን ሳይከፍት «ባለሙያው እኚህ ናቸው» ብዬ አያ ስመኘውን ጠራሁ። ነጭ በነጭ ለብሰው መጡና ስለ ጭድ፣ ስለ አረጋገጥ፣ መጨረሻም ቤቱ ስለ ዋጠው ጭስ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዱ። ሴትዮዋ ሁሉን ጻፉ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው አልጋውን፣ አልጋው ላይ የተጣለውን ቡልኮ አዩ።

«የሌሎቹን ባሕር ዳር ተመልሰን እንነጋገርበታለን» አሉ። «ይህች ግን አትፈታም። ሰው ገብቶባታል።»

እሜቴ ውድነሽ የበሩን እጀታ ይዘው ቀሩ፤ ለረጅም ጊዜ አልለቀቁትም።

ኢንጂነር ጌታሁን ከእንግዶቹ ጋር ፍኖተ ሰላም ምሳ እንድበላ መኪናው ውስጥ አስገባኝ። መኪናው ተነሣ። በመስኮቱ ሳይ አያ ስመኘው ከግድግዳቸው ሥር ተቀምጠዋል፤ ጠላ ይቀዳል፤ ላቀው ያዘፍናል፤ እሜቴ ውድነሽ በእጃቸው ነይ ይሉኛል። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሄድን።

«ወራጅ አለ!» አልሁ።

ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬኑን ረገጠ። ወረድሁ።